ወፍ የሆኑት ወይዘሮ ጥሩወርቅ

የወይዘሮ ጥሩወርቅን ሞት ያነበብኩት በብሎካችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ፣ ከውሃ ፈረቃ ማስታወቂያ በታች ነው። «እትዬ ጥሩወርቅ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል። ቀብራቸው ነገ በስድስት ሰዓት ይፈጸማል» ይላል። ከላይ ያለው ማስታወቂያ ደግሞ ውሃ በዚያው ቀን ከሰዓት እንደሚለቀቅ ይናገራል። ሁለቱን በተከታታይ አነበብኩና በርሜሉ መታጠቡን ለማየት ተነሣሁ። ሐዘን ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም። እስከ ዛሬም መጥቷል ብዬ ለመናገር አልደፍርም።

ዕድሜዬን በዩኒቨርሲቲ ታሪክ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ተማሪዎቼን፣ አንድ ምስክር ያየውን፣ የሰማውንና ኋላ የጨመረውን ለይተው እንዲጽፉ አስጨንቃቸው ነበር። አሁን ምስክሩ እኔ ስሆን ሦስቱን መለየት ተስኖኛል። ስለዚህ አንባቢ የምጽፈውን በዚሁ ልክ ይቀበለኝ። የሰዎቹን ንግግር ያሰፈርኩት በጆሮዬ እንደቀረ ነው፤ በጆሮዬ የቀረው ደግሞ በአፋቸው የነበረው ስለመሆኑ ዋስ መሆን አልችልም።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ለቡ መብራት ኃይል ባለው ኮንዶሚኒየማችን፣ ከእኔ በታች ምድር ቤት ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጅ አልነበራቸውም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄዱ አንድ እጃቸውን ከኋላ ወገባቸው ላይ የሚያሳርፉ ሴት ነበሩ። የትኛው እጅ እንደነበር ለማስታወስ ሞክሬ አልቻልኩም።

በቅርብ ያወቅኋቸው በቴሌቪዥን ምክንያት ነው። አንድ ክረምት የብሎካችን አንዱ የመብራት ፌዝ ተቃጥሎ ግማሾቻችን ለረጅም ጊዜ ያለ መብራት ቀረን። ለሠርግም ለለቅሶም የምንጠቀምበት የጋራ አዳራሽ ግን መብራት ነበረው፤ ኳስ ለማየት ተዋጥቶ የተገዛ ትልቅ ቴሌቪዥንም ነበረበት። እሁድ ከሰዓት፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ነጠላቸውን ሳያጥፉ፣ ከጸሎት ቤት የመጡት መጽሐፍ ቅዱሳቸውን እንደያዙ፣ እዚያ ተሰብስበን በሳምንቱ ውስጥ ያመለጠንን ድራማ በድጋሚ ማየት ጀመርን። መብራቱ ከተጠገነ በኋላም ልማዱ አልተወንም።

ድራማው ገዳያቸው ስላልታወቀ ሰዎች ነበር። አንድ ሻለቃ አቧራ የለበሱ መዝገቦችን እየከፈተ ይመረምራል። ጥቂት ሳምንት አብረነው እንጠረጥራለን፤ በመጨረሻ ሻለቃው መዝገቡን መልሶ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጠዋል። ገዳዩ አይነገርም። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ መዝገብ፣ ሌላ ሬሳ ይመጣል።

በዚህ ነገር አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ጎፋ የመኪና መለዋወጫ የሚነግዱት አቶ ተካ፣ «ድራማ ማለት መጨረሻ ያለው ነገር ነው! መጨረሻ የሌለውንማ በረንዳዬ ላይ ቆሜ በነፃ አየዋለሁ» እያሉ በየሳምንቱ ይቆጡ ነበር። ባንክ የሚሠራው ናቲ ደግሞ፣ «አይ ጋሽ ተካ፣ ሕይወት ራሷ እንደዚህ አይደለች እንዴ? ፖሊስ ሁሉን ይይዛል? በጣም አሪፍ ሥራ ነው» ይላቸዋል። ነርሷ ሲስተር አበባ ከሁለቱም ወገን አልነበረችም።

«እኔ መንፈሱ አይመቸኝም» ትላለች። «የሞት መንፈስ ነው ቤት የሚያስገባው።»

«ታዲያ ሁልጊዜ የፊት ወንበር የምትይዢው ለምንድነው?» ይላታል ናቲ።

«ልጸልይበት ነዋ!»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ በክርክሩ አይገቡም ነበር። የእርሳቸው ነገር ሌላ ነው። በድራማው ውስጥ ሬሳ በታየ ቁጥር ከወንበራቸው ጥቂት ብድግ ብለው፣ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ «ነፍስ ይማር» ይላሉ። ወጣቶቹ ይስቃሉ።

«እማማ፣ ተዋናይት ናት እኮ! ነገ ሌላ ድራማ ላይ ትመጣለች።»

«ትምጣ። እስከዚያው ይማራት።»

ችግሩ የመጣው በተዋናዩ ብሩክ ነው። ብሩክ ከሚስቱ ከሕይወት ጋር የአቶ ተካን ሁለተኛ ቤት ተከራይቶ በእኛው ደረጃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖር ነበር። ትሑት፣ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ አልነበረውም። በዚህ ድራማ ውስጥ አንዲት ተከራይ በውሃ ታንከር ውስጥ ሞታ የምትገኝበት መዝገብ ሲመጣ፣ ቤቱን ያገኘላትን ደላላ ሆኖ ሠራ። እንደ ወትሮው ሻለቃው መዝገቡን መለሰ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ትዕይንት ተጨመረ፤ ደላላው በአንድ ግቢ ቧንቧ ሥር እጁን ለረጅም ጊዜ ይታጠባል፣ ቀና ይላል፣ ወደ እኛ ያያል። አለቀ።

ብሩክ ራሱ በመጨረሻው ረድፍ ተቀምጦ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ወይም ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ያጨበጨበለት ናቲ ብቻ ነበር።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ብሩክ ሲወርድ ደረጃ ላይ የነበረ ሰው ወደ ግድግዳ መጠጋት ጀመረ። እናቶች ልጆቻቸውን ውሃ ታንከሮቹ ወዳሉበት ወደ ጓሮ መላክ ተዉ። የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ፣ «ደላላው ጋ ወራጅ አለ?» እያሉ ይቀልዱ እንደነበር ሰምቻለሁ። ሲስተር አበባ አንድ ቀን በር ላይ አግኝታው፣ «ካልገደልክ ለምን አልገደልኩም አትልም?» አለችው። ልጁ የመለሰላት መልስ ነገሩን አባባሰው።

«ሲስተር፣ ደራሲው አልነገረኝም» አላት።

እውነቱን ነበር። ድራማው ገዳዩን ቢናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ ገዳይ ከተባለ ትወናው ይወደስለታል፣ አይደለም ከተባለ ነፃ ይወጣል። መዝገቡ ሳይዘጋ ስለቀረ ጥርጣሬው መሄጃ አጥቶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጠ። አቶ ተካም ወሩ ሲያልቅ ቤቱን እንዲለቅ ነገሩት። «በግል ምንም የለኝም፤ ባለቤቴ እንቅልፍ አጣች፤ ብሎኩም ስም ወጣለት» አሉት። ሕይወት በዚያን ጊዜ መውለጃዋ ቀርቦ፣ ደረጃውን በየፎቁ እያረፈች ነበር የምትወጣው።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይህን እንደሰሙ ወደ እኔ ቤት መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

«ዶክተር፣ አውጫጭኝ ያውቃሉ?»

በመጻሕፍት እንደማውቀው ነገርኳቸው። በቀድሞው ዘመን በአንድ ቀበሌ ሰው ሞቶ ወይም ንብረት ጠፍቶ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር፣ የአገሩ ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ነገሩ እስኪወጣ የሚቀመጥበት ሥርዓት ነው። የታመነ ሰው ይመረጥና «ወፍ» ይባላል። ሁሉም በየተራ እየሄደ የሚያውቀውን በጆሮው ይነግረዋል። ወፉ ወጥቶ፣ «ወፍ እንዲህ አለች» ይላል፤ ማን እንደነገረው ግን አይናገርም።

«አባቴ ወፍ ነበር» አሉ። «ሰሜን ሸዋ፣ ቆላ ነው አገራችን። አንድ ሰው ወንዝ ዳር ተገድሎ ተገኘ። ወንዱ ሁሉ ሜዳ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ስንቁን በአገልግል ታስይዘኝና አደርስለት ነበር፤ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ሰው ሁሉ እየተነሣ በአባቴ ጆሮ ይናገራል። ከዚያ ሰው ተለቀቀ።»

«ገዳዩ ተገኘ?»

«አልተገኘም። የሰማውን አባቴ እስኪሞት አልተነፈሰም። ይህም አላዳነውም። ሁሉም የነገረው ነገር ነበራ! ፊቱን ሲያዩት የነገሩት ትዝ ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ ደቦ ሲጠራ የሚመጣለት ጠፋ። ብቻውን አጨደ፣ ብቻውን ወቃ። ለቡና የሚጠራውም አልነበረም።»

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። አዳራሽ ውስጥ የቴሌቪዥን ግድያ ላይ አውጫጭኝ መጥራት መሳቂያ እንደሚያደርጋቸው፣ መሳቂያ ካላደረጋቸው ደግሞ በአባታቸው የደረሰው እንደሚደርስባቸው ለማስረዳት ሞከርኩ። በደንብ የተደራጀ ክርክር ያቀረብኩ ይመስለኛል። ሰምተው ጨረሱና፣

«ልጅቷ የት ትውለድ?» አሉኝ።

እሁድ ሰው ሁሉ ቦታ ቦታውን እንደያዘ ወደ ፊት ወጡ።

«ዛሬ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ።»

«እማማ፣ አዲሱ መዝገብ እኮ ዛሬ ነው የሚጀምረው!» አለ ናቲ።

«ሬሳው የትም አይሄድም፤ አጥፋው።»

አጠፋው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሥርዓቱን ለማያውቁት አስረዱና፣ «ይህን ልጅ ጠርጥራችሁታል» አሉ። «የጠረጠራችሁት ደግሞ በደረጃ ላይ፣ በሱቅ በራፍ፣ በስልክ ነው። አገር እንደዚያ አይጠረጥርም። ተቀምጣችሁ ጠርጥሩ።»

አቶ ተካ ከትከት ብለው ሳቁ። «እትዬ፣ ሞተች የተባለችው እኮ ተዋናይት ናት! ባለፈው ሳምንት የሳሙና ማስታወቂያ ላይ አይቻታለሁ።»

«ካልሞተች ልጁን ለምን ታስወጣዋለህ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ተካ ግን አልሳቁም፤ እጃቸውን አወዛወዙና፣ «እሺ፣ ይሁን፤ ወፏ ከለቀቀችው እኔም እለቀዋለሁ፤ ካለቀቀችው ግን በወሩ ማለቂያ ይወጣል» አሉ። ወፍ ይመረጥ ሲባል ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ሌላ ስም የጠራ አልነበረም። እርሳቸውም የዕድሩ ድስቶችና የድንኳን ብረቶች ወደሚቀመጡበት ጓዳ ገብተው አንድ ድስት ደፍተው ተቀመጡበት።

መጀመሪያ ሰው የገባው እየቀለደ ነው። ናቲ፣ «ወፊቱ፣ መጣሁልሽ!» እያለ ገባ። ቶሎ ይወጣል ብለን ስንጠብቅ ቆየ። ሲወጣ ማንንም ሳያይ ሄዶ ግድግዳው ጥግ ተቀመጠና ስልኩን አውጥቶ ሳይከፍተው ያዘው። ሲስተር አበባ ገባች፤ እርሷም ቆየች። አቶ ተካ ከሁሉም በላይ የቆዩ ይመስለኛል፤ ሲወጡ በሻርፓቸው ፊታቸውን ጠረጉና ወንበራቸውን ሳያገኙት አለፉት። ሳቁ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ።

ተራዬ ደርሶ ስገባ ምን እንደሆነ ገባኝ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከደፉት ድስት ላይ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ዶክተር፣ ያዩትን እንጂ የጠረጠሩትን አይንገሩኝ» አሉኝ። ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም። ብሩክን ሲገድል ያየ ሰው ስለሌለ፣ በዚህ ጥያቄ ሥር ስለ ድራማው የሚነገር ምንም ነገር አይቀርም። የሚቀረው ሰው በዕድሜው በእውነት ያየው ነው። እኔ ምንም አላየሁም ብዬ ለመውጣት አስቤ ነበር። ከብዙ ዘመን በፊት ስለጠፋ አንድ የቅርብ ሰው መናገር ስጀምር የራሴን ድምፅ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ አዳመጥኩት። በሕይወቴ ይህን ነገር በተለያየ ጊዜ በተለያየ መንገድ ለራሴ ተርኬዋለሁ፤ የትኛውን እንደነገርኳቸው አላውቅም። ስጨርስ ከድስቱ ላይ ጥቂት ብድግ ብለው፣ «ነፍስ ይማር» አሉ። ለቴሌቪዥኑ ሬሳ በሚሉበት ድምፅ ነበር፤ አልጨመሩም፣ አልቀነሱም።

ብሩክም ገብቶ ነበር። ምን እንደተባባሉ እርሱ ራሱ ኋላ ነግሮኛል።

«‹ገድለሃል ወይ?› አሉኝ፤ ‹እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት አላውቅም፤ ቀረጻ ላይ አንዳንዴ ገድዬ፣ አንዳንዴ ሳልገድል ነው የሠራሁት› አልኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«‹እንዲህ ያለውን ነገር ወጥተህ ለሰው እንዳትናገር› አሉኝ።»

ሁሉም ከጨረሰ በኋላ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወጡ። ፊታቸው ተለውጦ እንደነበር ብዙ ሰው ይናገራል፤ እኔ ለውጥ አላየሁም። አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አሳርፈው ቆሙ።

«ወፍ ብዙ ሰማች» አሉ። «የዚህን ልጅ ስም ግን ከማንም አልሰማችም። ሲገድል ያየው የለም። ተካ፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ እትዬ» አሉ አቶ ተካ፣ መሬት እያዩ። «ይቀመጡ። ቤታቸው ነው።»

ሕይወት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። አቶ ተካ የኪራይ ዋጋ ሳይጨምሩ ውሉን አደሱላቸው። ብሩክን ደረጃ ላይ ሲያገኙት ወደ ግድግዳ የሚጠጉ ሰዎች አልነበሩም።

ወደ ግድግዳ የሚጠጉት ከዚያ በኋላ ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ነበር። እንደ ልጁ ጊዜ በፍርሃት አልነበረም፤ በአክብሮት፣ ራስን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይንን ግን ሌላ ቦታ አስቀምጦ ነው። ሲስተር አበባ ደም ግፊታቸውን ትለካላቸው ነበር፤ ሥራ በዛብኝ ብላ ሌላ ነርስ ትልክ ጀመር። አቶ ተካ ከሩቅ ባርኔጣቸውን እያነሱ፣ «እንደምን ዋሉ እትዬ» ብለው መንገድ ይሻገራሉ። እሁድ መጀመሪያ በግራና በቀኛቸው ያሉት ወንበሮች ባዶ ቀሩ፤ ቀጥሎ ረድፉ፤ በኋላም ሰው ሁሉ መብራቴ መጥቷል እያለ ድራማውን ቤቱ ማየት ጀመረ። እኔም ጉልበቴ ታሞ ስለነበር መውረድ አልቻልኩም። አንድ እሁድ በመስኮት ሳይ የአዳራሹ በር ክፍት ነበር፤ ከውስጥ የሻለቃው ድምፅ ይሰማል። እርሳቸው ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ሬሳው ሲመጣ ብድግ ሲሉ አየሁ፤ ወይም ካወቅኋቸው የተነሣ ያየሁ መስሎኛል።

ድራማው ገዳይ ሳይናገር ተፈጸመ። በቴሌግራም ቡድናችን አንዱ «የአገር ኩራት» አለው፣ ሌላው «የጊዜ ብክነት» አለው፤ ክርክሩ ለቀናት ቆየ። በራቸው ላይ ጥቂት ፀሐይ ሲሞቁ አግኝቼ አስተያየታቸውን ጠየቅኋቸው።

«ጥሩ አደረጉ» አሉ። «ቢናገሩት ኖሮ ሰው ሁሉ ‹አውቄ ነበር› ይል ነበር።»

«ብቸኝነቱ አልከበደዎትም?»

«እነሱ ናቸው የከበዳቸው» አሉ። «እኔ ምን አለብኝ፤ የሰማሁት የራሴ አይደለም።» ከዚያ ከላይ ሕፃኗ ስታለቅስ ሰሙና፣ «ራባት» ብለው ተነሡ።

ሲታመሙ ያስታመመቻቸው ሕይወት ናት። ልጅቷን በጀርባዋ አዝላ ታጥባቸው፣ ታጎርሳቸው ነበር፤ ብሩክ ሐኪም ቤት በክንዱ ተሸክሞ ያወጣቸውና ያስገባቸው ነበር። ሌሎቻችን ፍራፍሬ ይዘን በር ድረስ እየሄድን እንጠይቅ ነበር። ተኝተዋል ስንባል ቶሎ እንመለሳለን።

በሠልስታቸው አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ተሰብስበን አናውቅም። ሰው ይጨዋወታል፣ ድራማው ሁለተኛ ክፍል ሊመጣ ነው ይባላል፣ ስለ ውሃው ይወራል። ከአንዱ ወደ አንዱ ፊት ስመለከት ያየሁትን ነገር ስም ለመስጠት እጠነቀቃለሁ፤ እንቅልፍ ከጠገበ ሰው ፊት ጋር ይመሳሰል ነበር።

ሕይወት ጓዳው በር አጠገብ ቆማ እንጀራ ታቀርብ ነበር። አቶ ተካ ተነሥተው ሄዱና ጎንበስ ብለው በጆሮዋ አንድ ነገር ጠየቋት። ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ጥቂት ቆይቶ ሲስተር አበባ ሄደች፤ ሕይወት እንደገና ራሷን ነቀነቀች። ናቲ ሄደ። ከዚያ በኋላ ከታችኛው ብሎክ የመጡ ሰዎች፣ አንዳንዱን በስም የማላውቀው፣ በየተራ ይሄዱ ነበር። ጎንበስ ይላሉ፤ ትነቀንቃለች፤ ትከሻቸው ቀለል ብሎ ይመለሳሉ።

እኔም ተነሣሁ። ሌሎቹ የፈሩት የነገሩት እንዳይወጣ እንደሆነ እገምታለሁ። እኔ የፈለግሁት ግን ከዚያ የተለየ ነበር፤ ያን እሁድ በጓዳው ውስጥ በትክክል ምን እንዳልኩ የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ስለነበሩ፣ ከሞቱ ወዲህ የራሴ ምስክርነት ከእኔ ሌላ የሚጠብቀው አጥቷል። እኔ ደግሞ ለጥበቃ የምታመን ሰው አይደለሁም። የነገርኳቸው የትኛውን እንደሆነ ባውቅ፣ ያን እንደ እውነት ይዤው እንድኖር ፈልጌ ነበር።

«ልጄ» አልኳት ቀስ ብዬ፣ «ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከማረፋቸው በፊት ስለ እኔ ያነሱት ነገር ይኖራል?»

ሕይወት ያዘለቻትን ልጅ ከፍ አደረገችና መቀነቷን አጠበቀች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እርስዎም፣ ጋሽ ዶክተር?» አለችኝ።

ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ ሌላ ሰው ተራ እየጠበቀ ነበር፤ ቦታውን ለቀቅሁለት።